ዝዋይን ያላዩ ጠባቂዎች

ስንዴውን አሰላ ገበያ አራግፎ የሚመለስ የጢዮ ገበሬ የዝዋይ ሐይቅ ጉዳይ ምን እንደሚያገባው ቢጠየቅ፣ ጥያቄው ራሱ ያስገርመዋል። ሐይቁ ቆላ ነው፤ እሱ ደገኛ። ዓሣ አጥምዶ አያውቅም፤ ታንኳም ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሆኖም በጭላሎ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ የሚጥለው ዝናብ ከጋለማና ከካካ ከሚወርደው ጋር እየተገናኘ በከታር ወንዝ ዝዋይ ይገባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆኑ ተራሮች የተነሣው ውሃ 1,636 ሜትር ላይ ተንጣልሎ ያርፋል። በዚህ ሐተታ የምመረምረው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ዓይቶት ለማያውቀው ሐይቅ የጠባቂነት ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም?

በግልጽ ባይነገርም የተለመደው መልስ «የለበትም» ነው። ስለ ሐይቅ ጥበቃ ሲወራ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» የሚባለው ዳር ላይ ያለው ሰው ነው፦ በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች ለዘመናት የኖሩት ዛዮች፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱት ወጣቶች፣ የመጠጥ ውሃዋን ከሐይቁ የምትቀዳው የባቱ ከተማ። ለስብሰባ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ እምቦጭ ንቀሉ የሚባሉትም እነሱ። ይህ አስተሳሰብ ጉዳቱ የሚደርስበትንና ጉዳቱን የሚያደርሰውን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ዓሣው ሲመናመን መጀመሪያ የሚራበው ዛዩ ነው፤ ደለሉን ወደ ሐይቁ የሰደደው ግን እሱ አይደለም። ተጎጂውን ብቻ ጠባቂ አድርጎ መሾም የተሰረቀበትን ሰው ዘብ አቁሞ ሌላውን ሰፈር እንቅልፍህን ተኛ እንደማለት ነው።

የሐይቁን ጠባይ ያወቀ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም እንደሚሰፋ ያያል። ዝዋይ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይ የምታተንበት ውሃ በዝናብ ከሚያገኘው በእጅጉ ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞሉለት ከአርሲ የሚወርደው ከታርና ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው መቂ ናቸው። የእነሱ ውሃ ሲቀንስ ሐይቁ ላይ ወዲያው ይታያል፤ ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ዳርቻው ብዙ ይሸሻል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ዝዋይ የሚጠጣ ውሃ የሆነው ስለሚፈስ ነው። በደቡብ በኩል ቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ሲወርድም ወንዞቹ ያመጡትን ጨው ይዞ ይሄዳል። አብያታ መውጫ የለውም። የገባለትን ውሃ ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል፤ ሶዳ አሽ ሲመረት የኖረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዲህ ከላይ ያለው ሁሉ እየቀዳ ቡልቡላን ቢያደርቀው ዝዋይ ራሱ በአብያታ መንገድ መሄድ ይጀምራል። እህልን ጎተራ ከትቶ፣ መሬትን አጥሮ ማቆየት ይቻላል፤ ይህን ሐይቅ ግን «የኔ ነው» ብሎ ያስቀረው ሰው የሚቀርለት ጨው ነው። ስለዚህ ከቡልቡላ ከብቱን የሚያጠጣው ሰውም የሐይቁ ማኅበረሰብ አካል ነው፤ ያለ እሱ ድርሻ የባቱ ነዋሪም የሚጠጣው አይኖረውም። እንዲህ ከሆነ ማኅበረሰቡን የሚወስነው ከውሃው ጋር ያለው ግንኙነት እንጂ ከዳርቻው ያለው ርቀት አይደለም ማለት ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር የሆነችው እንዲሁ በዕድል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመሠረተ፤ በ1967 ደግሞ ካዱ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ዩኒት በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ማሳ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ምርቱ አደገ። ትርፉን ያዩት የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስለቀቃቸው ግን በጊዜው የተመዘገበ ታሪክ ነው። ይህን የማነሣው ካዱን ለመውቀስ አይደለም፤ የአገር ዳቦ የበቀለው ከዚያ ነው። ትርፉ አንድ ቦታ ተቆጥሮ ኪሳራው ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ በሒሳቡ ውስጥ እንደማይገባ ግን ያሳያል። ሐይቁም ከዚያ ሒሳብ ውጭ ከቀሩት አንዱ ነው። ተዳፋቱ እስከ አናቱ ሲታረስ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ይወርዳል፤ ማዳበሪያው አብሮት ይሄዳል፤ ታች ሲደርስ የእምቦጭና የአልጌ ቀለብ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ዕዳውን ለማሳመን ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ወደ ዝዋይ የሚሄደው አፈር የገበሬው የራሱ አፈር ነው። እርከን ቢሠራ፣ ገደላማውን ከልሎ ዛፍ ቢተክል፣ ሐይቁን ረስቶም ቢሆን ለራሱ ይጠቅማል። በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ በጉልበት ሥራነቱ ቢያማርርም ሰው ትርጉሙን የሚረዳው ለዚህ ነው። ጥቅምና ግዴታ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ሐተታ የሚጽፍ ሰው ሥራ ፈት ይሆናል።

መንገዳቸው የሚለያየው የውሃ ሞተሩ ላይ ነው። ከታር ዳር፣ በዝዋይ ዱግዳ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ወጣት በናፍጣ ሞተር የሚስበው ውሃ ማሳውን ያለመልማል፤ ሐይቁን ግን ያጎድላል። እዚህ ላይ እርከን አያስታርቃቸውም። ወጣቱም እንዲህ ይላል፦ «እኔ መሬት የለኝም፤ ይህን ጥማድ በኪራይ ነው የማርሰው። ለሌላው ዓሣ ብዬ ሽንኩርቴን ላድርቅ? ባቱ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎችስ?» ተቃውሞው ብርቱ ነው። ከፊሉም ትክክል ነው፤ ለውጭ ገበያ ከሚያመርት ሰፊ እርሻ በፊት እሱ ሞተሩን እንዲያጠፋ የሚጠይቀው ፍትሕ የለም። ግን ሌላው ብዙ ስለሚወስድ የእኔ ዕዳ ዜሮ ነው ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። የሚያረጋግጠው የዕዳውን ድርሻና ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለብን ነው።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ሀብት ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው ሲል ጻፈ፤ እያንዳንዱ ለራሱ እየጨመረ ሜዳውን ይጨርሰዋል አለ። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ብዙ አገሮችን መርምራ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ካወጡ፣ ተቆጣጣሪ ካቆሙና ቅጣቱን ደረጃ በደረጃ ካደረጉ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች፤ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። ለእኛ ግን የቦረና ጉድጓዶች ይቀርቡናል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ዘንድ የከብት መንጋ የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። ያ ሥርዓት የሚሠራበትን አንድ ምክንያት ልብ በሉ፦ ተራ ሰብሮ የሚያጠጣ ሰው የተጠማውን የሌላውን ከብት ከፊቱ ቆሞ ያየዋል። ወረፋው ዓይን ውስጥ ነው። በከታርና በዝዋይ መካከል ያለው ችግር ወረፋው ተበትኖ መቆሙ ነው። ሳጉሬ ያለው ሞተሩን ሲያስነሳ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ባቱ ላይ ቧንቧ ከፍቶ ይጠብቃል፤ ቡልቡላ ዳር ያለው እረኛም እንዲሁ። ኦስትሮም ያጠናቻቸው ብዙዎቹ መንደሮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ እነዚህ ግን አይተዋወቁም። የእኛ ጉዳይ ከእሷ ምሳሌዎች የሚከብደው በዚህ ነው።

ወረፋው በሕግ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ የሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለቤት ፍጆታ የሚውለውም ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት እንዲቀድም ይደነግጋል። ስለዚህ የባቱ ነዋሪ እንስራ ከአበባውም ከሽንኩርቱም ይቀድማል። መጣሱን ማን ያያል? ማንስ ይጮህለታል?

ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ አርሲ የቆየ መልስ አላት። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር የምትረከበው ሲንቄ የክብሯ ዘንግ ነው። አንዷ ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። የወጡት ሴቶች በራሳቸው ላይ የደረሰ ጉዳት የላቸውም፤ ለመቆም የሚያበቃቸው በደሉ መፈጸሙ ብቻ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ይህንኑ በጽሑፍ አኑሯል፤ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይኖርበት በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል በሚለው ላይ አቤት ማለት ይችላል። አሰላ የሚኖር መምህር ስለ ዝዋይ መክሰስ ይችላል ማለት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሲንቄን አስበው እንደሆነ አልልም፤ ሐሳቡ ግን ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም።

«ሲጎድል ያኔ እናያለን» የሚል ካለ ሐረማያን ይጠይቅ። ለሐረር ከተማ ውሃ ሲያጠጣ የኖረው ያ ሐይቅ ከጫት ማሳ ሞተሮች፣ ከከተሞቹ ጥማትና ከደለሉ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደረቀ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ በመካከሉ ግን ሐረር ውሃዋን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረባት።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ደገኛው ዕዳ አለበት፤ ስላላየው አይቀርለትም። ያላየውን እንዲጠብቅ ግን ማሳየት ያስፈልጋል። የዝዋይ የውሃ ከፍታ በየወሩ ተለክቶ በአሰላ፣ በሳጉሬና በበቆጂ፣ በመቂም በኩል፣ ሰው በሚያነብበት የቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከፍታው አስቀድሞ ከተወሰነ ምልክት በታች ሲወርድ መጀመሪያ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች፣ ቀጥሎ የወንዝ ዳር ሞተሮች በታወቀ ልክ ይቀንሱ። ልኩንም የከታር፣ የመቂ፣ የባቱና የቡልቡላ ተወካዮች በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ይቁረጡት። ጥማድ ተከራይቶ የሚያርሰው ወጣትም በዚያ ሸንጎ ወንበር ይኑረው፤ ያልተሳተፈበትን ደንብ እንዲያከብር መጠየቅ ከንቱ ነው። አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ አዋጆች ከጸደቁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።