የባለ ሥልጣን ወረቀት የማን አደራ ነው?

ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ቤተ ዘመዶቹ ቤቱን፣ ገንዘቡንና ዕቃውን ለመከፋፈል ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ወረቀቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ደብዳቤው፣ የማስታወሻ ደብተሩ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤው፣ በጀርባቸው ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎቹ በካርቶን ታጭቀው ከአልጋ ሥር ይገባሉ። ሟቹ በሥልጣን ላይ ያልነበረ ሰው ከሆነ ጉዳዩ የቤተሰቡ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሟቹ በዘመኑ የሕዝብን ጉዳይ ይወስን የነበረ፣ በፊርማው ሰው ይሾምና ይሽር የነበረ ቢሆንስ? ያ ካርቶን የማን ነው? ልጆቹ ሊያቃጥሉት መብት አላቸውን? የአባታቸውን ባላጋራ ለማሳፈር ፈጥነው ሊያወጡትስ ይገባቸዋልን?

ጥያቄው ለአራዳና ለፒያሳ ሰው ሩቅ አይደለም። ከመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንሥቶ በተዘረጋው በዚህ አሮጌ ሰፈር መኳንንት፣ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎችና የመንግሥት ሹማምንት ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ብዙው ቤት ባለቤቱን ለወጠ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ታሪካዊው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ፣ የዘመናት ቅርስ በአንድ ማለዳ ሊያልቅ እንደሚችል ሁላችንም አየን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወሩ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ምንስ ትቶ እንደሚሄድ መወሰን ነበረበት። በእንዲህ ያለ ሰዓት አልጋና ማቀዝቀዣ ይጫናል፤ የአያት ሣጥን ቦታ ያጣል። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ወረቀትም በኪሎ ተሸጦ የቆሎና የለውዝ መጠቅለያ ሆኖ ይቀራል።

የሩቅ አገር ምሳሌ

ነገሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት አንድ በሰፊው የታወቀ ታሪክ እንመልከት። ጄምስ ዌብ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1968 የአሜሪካን የጠፈር ድርጅት፣ ናሳን፣ የመሩ ሰው ናቸው። ሰውን ጨረቃ ላይ ለማድረስ ከተደረገው ዝግጅት አብዛኛው የተከናወነው በእርሳቸው አመራር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም በፕሬዚዳንት ትሩማን ዘመን የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዐረፉ፤ የግል ወረቀቶቻቸውም በትሩማን ስም በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንጆች ገና ዕለት ወደ ጠፈር የመጠቀው ታላቅ ቴሌስኮፕ በእኚህ ሰው ስም ተጠራ። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን በስማቸው ላይ ክስ ተነሣ። ዌብ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በነበሩበት ጊዜ ብዙ ሠራተኞች በግል ሕይወታቸው ምክንያት እየተመረመሩ ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ ነበርና፣ እርሳቸውም በዚህ ተባባሪ ነበሩ ተባለ። የድርጅቱ ዋና የታሪክ አጥኚ የትሩማንን ቤተ መጻሕፍት ጨምሮ በልዩ ልዩ ቤተ መዛግብት ከ50,000 በላይ ገጾች ከተመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በወጣው ዘገባ ዌብን ከማባረሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቁ። ቴሌስኮፑም ስሙን እንደያዘ ቀረ። አንዳንዶች ግን በዚህ አልረኩም፤ የበላይ የሆነ ሰው በሠራው ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ባለፈውም ይጠየቃል አሉ።

ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ተከሳሹ ሞተዋል፤ ከተባረሩትም አብዛኞቹ ሞተዋል። ለሁለቱም ወገን ሊናገር የቻለው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ከሳሽም ተከላካይም የወደደውን ይናገር ነበር እንጂ እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት ቦታ አያገኝም ነበር።

የዚያው ድርጅት ታሪክ ሌላም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በጥር 1967 ሦስት ጠፈርተኞች በመሬት ላይ ልምምድ ሲያደርጉ በመንኩራኩራቸው ውስጥ በተነሣ እሳት ሞቱ። መንኩራኩሩን የሚሠራው ኩባንያ ብዙ ጉድለት እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ ጄኔራል ሳሙኤል ፊሊፕስ ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብለው አዘጋጅተው ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ስለዚህ ሰነድ የሰሙት ግን ሦስቱ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። እንግዲህ በመሳቢያ የተዘጋበት ወረቀት አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

በአገራችን የሆነው

እኛም ከዚህ የሚያንስ ታሪክ የለንም። በጠላት ወረራ ዘመን የመንግሥታችን መዛግብት ተዘርፈው ወደ ኢጣሊያ ተወስደዋል። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ፣ ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። አርቃቂዎቹ መዝገብን ከወርቅና ከሐውልት ጋር አስተካክለው ማየታቸው ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ መዝገቡን ያጣ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚመሰክርበትን ያጣልና።

በፓሪሱ ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክለው ከተከራከሩት ዋነኛው ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1966 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱና ታሰሩ። በታሰሩበት ወራት ስለ ዘመነ ሥልጣናቸው በእጃቸው ጻፉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ጽሑፋቸው ግን አልጠፋም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በውጭ አገር በመጽሐፍ ታተመ፤ ቆይቶም በአማርኛ ለአንባቢ ቀረበ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉን ሥራ የሚያደንቅ አለ፤ የሚነቅፍም አለ። ሁለቱም ግን ዛሬ የሰውዬውን ቃል እያዩ ይከራከራሉ። ፍርድ ያላገኘ ሰው ቢያንስ ቃሉ ተሰማለት።

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፍ የቀድሞውን የአስተዳደር፣ የግብርና የመሬት ሥርዓት ሰነዶች ሰብስበው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሥርዓት ለሚጠይቅ ሰው የምንሰጠው መልስ እጅግ ባነሰ ነበር።

ሦስት ባለ መብቶች

«የጻፍኩት እኔ፣ የገዛሁትም ወረቀት የራሴ፤ ማን ምን አገባው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ አስተሳሰብ በትልልቅ አገሮች እንኳ ለረጅም ዘመን ሕግ ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ አገር ፕሬዚዳንቶች ከሥልጣን ሲወርዱ ወረቀታቸውን እንደ ግል ንብረት ይዘው ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ ነው የፕሬዚዳንት የሥራ ሰነድ የሕዝብ ነው ያለው።

በእርግጥ በሰው ልብና በአምላኩ መካከል የሚቀር ነገር አለ። ባል ለሚስቱ የጻፈው፣ ሰው ስለ ነፍሱ ያሰፈረው፣ የታመመ ስለ ሕመሙ የመዘገበው ለአደባባይ አይደለም። ካህን በምሥጢረ ንስሐ የሰማውን ከቶ እንደማይገልጥ ምእመናን ሁሉ እናውቃለን። በሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጦ የተደረገው ግን ከዚህ ይለያል። ያ ሥራ በሕዝብ ስምና በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነውና ባለ ሥልጣኑ በወረቀቱ ላይ ያለው መብት የባለ አደራ መብት ነው። አደራ ደግሞ በባህላችን ከባድ ነገር ነው፤ «አደራ በላ» መባልን የሚያህል ነቀፌታ የለም።

በዚህ አደራ ላይ ሦስት ባለ መብቶች አሉ። አንደኛው ሟቹ ነው፤ ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባል። ሁለተኛው በወረቀቱ ውስጥ ስሙ የተነሣው ሰው ነው፤ ምናልባት በሐሰት የተከሰሰ፣ ምናልባትም ልጆቹ ዛሬ በጎረቤታችን የሚኖሩ። ሦስተኛው ገና ያልተወለደው ነው፤ የአባቶቹን ሥራ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ የማወቅ መብት አለው። ወረቀትን ማቃጠል ሦስተኛውን ይበድላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛውን። ለበቀል ሲባል ፈጥኖ መበተን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይበድላል። ሦስቱንም የሚያስታርቀው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ወረቀቱን በታመነ ቦታ አስቀምጦ እስከ ተወሰነ ዘመን መዝጋት፣ ዘመኑም ሲደርስ መክፈት።

ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1881 የቫቲካንን ቤተ መዛግብት ለተመራማሪዎች ከፈቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበሩት ስለ ፒዮስ 12ኛ ብዙ ክርክር ሲነሣ ከኖረ በኋላ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የዚያን ዘመን ሰነዶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አስከፈቱ። በሰነዶቹ ውስጥ የሚያስመሰግንም የሚያስተችም ሊገኝ እንደሚችል እያወቁ ነው ይህን ያደረጉት።

በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ የተጻፈውን ንጉሥ ኢዮአቄምን እናስታውስ። ብራናው በፊቱ ሲነበብለት በቢላዋ እየቆረጠ ወደ እሳት ጣለው። ባሮክ ግን ያንኑ ቃል እንደገና ጻፈው፤ ሌላም ብዙ ተጨመረበት። እሳቱ ንጉሡን ከተጻፈበት ነገር አላዳነውም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ርኅራኄ የጎደለው እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ብዙ ቤተሰቦች መጽሐፍና ደብዳቤ ለማቃጠልና ለመቅበር ተገድደዋል። ሕይወትን ለማዳን የተደረገ ነውና የሚወቀሱበት አይደለም። ነገር ግን ለዚያ ቀን ፍርሃት የተሰጠው ይቅርታ ለዛሬ ቸልተኝነት ማመካኛ ሊሆን አይገባም።

ምን እናድርግ?

በቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ምእመን ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። አስቀድሞ አይጣደፍ፤ ብቻውን ሆኖም «ይህ ይቅር፣ ይህ ይጥፋ» ብሎ አይወስን። የአባቱን ስም ለማስጠበቅ የሚጨነቅ ልጅ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን አይችልምና። የሥራውን ከግል ደብዳቤው ይለይ፤ በፎቶግራፎቹ ጀርባ የሚያውቃቸው አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ስምና ዓመተ ምሕረት ያስጽፍ፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ያርቅ። ከዚያም በ1936 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወመዘክር፣ ወይም በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዶ ያማክር። የአገሪቱ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 179/1991፣ የመዛግብትን አጠባበቅ ደንግጓል። ሲሰጥም በምን ሁኔታና እስከ መቼ ተዘግቶ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይዋዋል።

በሥራ ላይ ላሉትም ጥያቄው በአዲስ መልክ መጥቷል። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታስመጥቅ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ ከፒያሳ ቀና ብለን በምናየው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመሩ ሰዎች ውሳኔ ዛሬ የሚሰፍረው በካርቶን ውስጥ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥም ነው። ባለቤቱ ሲሞት የይለፍ ቃሉ አብሮት ይቀበራል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የሕዝብ ሥራ የያዘ ሰው ገና በሕይወቱ ሳለ አደራውን ለማን እንደሚያስረክብ ሊያስብበት ይገባል።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ውርሱ ግን ወራሽ ይፈልጋል። በየቤታችን ያለውን ሣጥን ዛሬ ከፍተን እንመልከት፤ በውስጡ የሚጠብቀን የሌላ ሰው መልካም ስም፣ ወይም የሌላ ሰው እንባ ሊሆን ይችላልና።