የማሲንቆው ሰው ስም

በግንቦት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቴሌቪዥኑ የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ፖሊስ ጥቁር አሜሪካዊውን ጆርጅ ፍሎይድን አንገቱን በጉልበቱ ተጭኖ ያሳያል። ቡና የሚያፈሉት እናት ጀበናውን አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን፣ ከልባቸው እያዘኑ፣ «ምን ይደረግ፣ ባሪያ ነበሩ እኮ። እኛ እንኳ ተሸጠን አናውቅም» አሉ።

ያቺ «እኛ» እንቅልፍ ነሳችኝ።

መጀመሪያ እውነት መሰለችኝ። አድዋ አለ፤ 1888 ዓ.ም. አለ። ጥቁር አሜሪካውያንም ቢሆኑ በእኛ ሲኮሩ ኖረዋል። ኒውዮርክ፣ ሐርለም ያለው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በአገራችን ስም ከተጠራ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላኖች አብርሯል። ይህን ሳስብ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ እነሱ «እኛ» ሲሉ እኛን ጨምረው ነበር፤ እኛስ «እኛ» ስንል እነማንን ነው የምንጨምረው?

አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ 46 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩም ተሻጩም እዚሁ ነበሩ። «ተሸጠን አናውቅም» የሚለው አፍ የተሸጡትን ከቁጥር አውጥቷቸዋል። «ባሪያ» የሚለው ቃልም ቢሆን ዛሬ ድረስ ከስድባችን አልወጣም።

ከ«እኛ» ያወጣነው ሌላ ማን እንዳለ ሳስብ ሐሳቤ ወደ አዝማሪ ሄደ። ልጅ ሳለሁ በአንድ ሰርግ ዳስ ውስጥ ያየሁት አለ። አዝማሪው የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ክር እየቃኘ፣ ሙሽራውን በዘሩ፣ ሚዜውን በጎራዴው ሲያወድስ ውሎ ግንባሩ በብር ተሸፈነ። ማዕድ ሲቀርብ ግን ከበሩ አጠገብ፣ ለብቻው፣ በትንሽ ሰፌድ ተሰጠው። ማንም ነውር አላለውም። እኔም አላልሁም። እንዲያውም የአዝማሪን ልጅ ለልጄ የሚል ሰው በአካባቢያችን እስካሁን ብዙ አላየሁም።

እዚህ ላይ ራሴን ያዝሁት። አዝማሪን ከአሜሪካ ባሪያ ጋር ማስተካከል ፍርድ ማጣመም ነው። አዝማሪ በገበያ አልተሸጠም፤ በሰምና ወርቅ ጌታውን ሲነካ የኖረ ሰው ነው። ንጽጽሩን ልተወው ነበር። የከለከለኝ ጥቁር አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ነው። እሱ ሐርለም ውስጥ በኮተን ክለብ ሲጫወት ታዳሚው ነጭ ነበር፤ ጥቁር በእንግድነት አይገባም ነበር። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት። ታዲያ ባሕር ተሻግሮ ለመጣው ጥቁር ሙዚቀኛ ኒሻን ያላጣን፣ ለራሳችን ባለማሲንቆ ከማዕዱ ላይ ቦታ ያጣነው ለምንድን ነው? ባርነትና ንቀት አንድ አይደሉም። ዜማውን ወድዶ ዜመኛውን ማራቅ ግን እዚያም እዚህም ያው ነው። ስሙን እንኳ ብናየው፣ «አዝማሪ» እና በቤተ ክርስቲያን የምናከብረው «መዘምር» ከአንድ ግሥ ከ«ዘመረ» የወጡ ናቸው።

ለሽማግሌው ያን ዕለት መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬም የምወቅሳቸው እሳቸውን አይደለም፤ በዚያ ዳስ ውስጥ እኔም በልቻለሁ። ያ አዝማሪ ማን ይባል እንደነበር ሰዎችን ጠይቄ ነበር። ሙሽራውን የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው፤ የአዝማሪውን ስም የነገረኝ ግን አልተገኘም።

በደብረ ታቦርም በጋይንትም በእስቴም ዘንድሮ ሰርግ የምትደግሱ ወገኖቼ፣ አዝማሪውን ከእንግዶቹ ጋር አስቀምጡት፤ ስሙንም ጠይቁት።