«እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው»

ልጅ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን ከወላጆች አፍ የማይጠፋ ንግግር አለ፦ «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው»። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፈገግታ ነው። የየኔታ ልምጭ፣ ፊደል ሲሳት የምታርፈው ኩርኩም፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ በማግስቱ የሚያድርበት ጭንቀት፣ ሁሉም ዛሬ ቡና ላይ የሚያስቅ ወግ ሆኗል። ነገር ግን ዛሬ ሲያስታውሱት የማያመው ነገር ሁሉ ያኔ ጥሩ ነበር ማለት ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ አውግስጢኖስ የሚመሰክረው ብዙ አለው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ354 ታጋስቴ በምትባል፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ በምትገኝ ከተማ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ በጻፈው «ኑዛዜ» ወደ ልጅነቱ ተመልሶ የትምህርት ቤቱን ዱላ ያነሣል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እግዚአብሔርን አጥብቆ የለመነው እንዳይገረፍ ነበር። ልመናው አልተሰማም። ትልልቆቹ ሰዎች፣ ክፉ የማይመኙለት ወላጆቹ ሳይቀሩ፣ በሰንበሩ ይስቁ ነበር። ለእነሱ ጨዋታ፣ ለእሱ ግን ታላቅ መከራ።

በዚያው መጽሐፍ 10ኛ ክፍል አውግስጢኖስ ትዝታን ራሱን ይመረምራል። ሰው ያለፈ ኀዘኑን ሳያዝን፣ ያለፈ ፍርሃቱንም ሳይፈራ ማስታወስ መቻሉ ያስገርመዋል፤ አንዳንዴ እንዲያውም የጥንቱ ኀዘን ሲታወስ ደስ ይላል። እንግዲህ ስለ ራሱ ልጅነት የሚናገር ወላጅ ድርጊቱን የያዘ፣ ሕመሙን ግን የጣለ ምስክር ነው። የልጁ ፍርሃት ደግሞ ትዝታ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለ ነው።

አውግስጢኖስ ራሱም ከዚህ ዝንጋታ አላመለጠም። በእርጅናው ደጃፍ ላይ ሳለ ማርቄሊኖስ ለተባለ የመንግሥት ሹም በጻፈው ደብዳቤ፣ ተከሳሾችን በከባድ ማሠቃያ ሳይሆን በበትር ብቻ በመመርመሩ ያመሰግነዋል፤ በትር መምህራንና ወላጆችም የሚጠቀሙበት ነውና። ከዚያ በኋላ ባጠናቀቀው «የእግዚአብሔር ከተማ» ደግሞ፣ ሞትንና ዳግመኛ ሕፃን መሆንን አቅርበው ቢያስመርጡት ሞትን የማይመርጥ ሰው እንደሌለ ይናገራል። አንዱ ደብዳቤ ዱላውን ያቀልለዋል፣ ሌላው መጽሐፍ ልጅነትን ከሞት ያከብደዋል። ጸሐፊው አንድ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ትዝታ ሁሉ ግን የልምጭ ትዝታ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ግፍ ይሆናል። 33ቱን ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው 231 አድርጎ በዜማ መቁጠር፣ በስንደዶ እየጠቆሙ ከ«ሀ ሁ» ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት መሻገር አለ። ቀድሞ የለየ ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል። ማንም የእኩዮቹ እርምጃ ላይ አልደረሰም ተብሎ አይጣልም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይሄዳል። ብዙ ወላጅ ዛሬም ፊደሉን በዚያው ዜማ ይወጣዋል። ያቆየው ታዲያ ዜማው ነው ወይስ ልምጩ?

አውግስጢኖስ በራሱ ላይ ያየውን ይጽፋል። ላቲንን በሞግዚቶቹ እቅፍ፣ በጨዋታና በሳቅ መካከል፣ ማንም ሳያስፈራራው ለመደ። የግሪክን ቋንቋ ግን በዛቻና በቅጣት ስለተማረው ጠላው። ከዚህ ተነሥቶ፣ ለመማር ከሚያስፈራ ግዴታ ይልቅ በነፃነት የሚመጣ የማወቅ ጉጉት ይበልጥ ኃይል እንዳለው ይደመድማል። እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ለመናገር፣ ግዴታም ጉጉትን ከልቅነት የሚገታ ቦታ እንዳለው ወዲያው ያክላል። ለወላጅ የሚበጀው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ማንም ወላጅ ከሌላ ሊማረው አያስፈልገውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዛሬ ልጅ ከሚያስገቡት ወላጆች ብዙዎቹ የተማሩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ንግግሩ ግን አልተሻረም። በሕግ የማይሻረው በትዝታ ስለሚጸድቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴን አመመኝ ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን የወላጁ ጀግንነት አይጠቅመውም። ማን እንደተቆጣው፣ ምን እንዳስፈራው የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ389 አካባቢ አውግስጢኖስ «ስለ መምህር» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር ያደረገው ውይይት ነው፤ አባት ይጠይቃል፣ ልጅ ይመልሳል፣ ይከራከራል። የሚደርሱበት ነጥብ የመምህር ቃል ይጠቁማል እንጂ እውቀትን ከራሱ አውጥቶ ወደ ተማሪው አያገባም የሚል ነው፤ ተማሪው እውነቱን የሚያየው በውስጡ፣ እውነተኛው መምህር ክርስቶስ ሲያበራለት ነው። ይህ ከሆነ ልምጭ ልጅን ዝም ሊያሰኘው፣ በቃሉ ሊያስወጣውም ይችላል፤ እንዲያይ ማድረግ ግን አይችልም። አዴዎዳቱስ በወጣትነቱ ሞተ። አባቱ በ«ኑዛዜ» ይህን መጽሐፍ ሲያስታውስ፣ በልጁ ስም የሰፈሩት ሐሳቦች በ16 ዓመቱ የራሱ የልጁ እንደነበሩ እግዚአብሔርን ምስክር ጠርቶ ይናገራል፤ የአእምሮው ብስለትም ያስፈራው እንደነበር አይሸሽግም።