ሕግ ሲፈቅድ ሕሊና ያርፋልን?

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላል ያገራችን ሰው። የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከመዛወሩ በፊት፣ ሻጭና ገዥ ቢጣሉ መንገደኛውን በዚህ ቃል አስቁሞ ዳኝነት መጠየቅ የቆየ ልማድ ነበር። ብዙዎቻችን ከአነጋገሩ የምንረዳው የተፈቀደው ሁሉ ቅን፣ የተከለከለውም ሁሉ ክፉ መሆኑን ነው። ይህ አስተሳሰብ ይጸናልን?

ጥያቄውን በጠበቃ ሙያ እንፈትነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ሕዝብ በ2005 ዓ.ም. የካናቢስን ንግድ በድምፁ ፈቀደ። የፌዴራሉ ሕግ ግን መከልከሉን አልተወም። ጠበቃ ደንበኛውን ለወንጀል እንዳይመክር የሙያው ሥነ ምግባር ስለሚያስገድደው፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2006 ዓ.ም. በደንቡ ላይ ማብራሪያ ጨምሮ ለዚህ ንግድ መምከርን ፈቀደ። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ውልና ስለ ግብር እየመከሩ በዚሁ ንግድ የሚተዳደሩ ጠበቆችም ተፈጠሩ። ያንኑ ምክር የአራዳ ጠበቃ ቢሰጥ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ንግዱን ስለሚከለክል፣ የወንጀል ተባባሪ ሊያሰኘው ይችላል።

ጫት ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል። በአወዳይ ገበያ በግልጽ የሚሸጥ፣ ግብር የሚከፈልበት፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ቅጠል ነው። ብሪታንያ ግን በሰኔ 2006 ዓ.ም. ከለከለችው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንደኛው ቅጠል ምክር ከነውር ወደ ሙያ ሲሻገር፣ የሌላው ንግድ ወደ ወንጀል ተሻገረ። የቅጠሎቹ ባሕርይ ግን በዚያ ዓመት አልተለወጠም።

ከዚህ ተነሥቶ «ሕግ ከንቱ ነው» ማለት ስሕተት ነው። ጠበቃ ሁሉ በደንበኛው ላይ ዳኛ ልሁን ካለ፣ የተጠላ ሰው ተከራካሪ ያጣል። የጫት ገበሬም ነጋዴ ቢበድለው የሕግ ምክር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ መከላከልና መምከር አንድ አይደሉም። የተከላካዩ ጉዳይ ያለፈ ድርጊት ነው፤ ከሳሽም ዳኛም በፊቱ አሉ። አማካሪው የሚሠራው ገና ለሚመጣው ነው፤ በቢሮው ውስጥ ከሳሽም ዳኛም የለም፤ በንግዱ የሚጎዳው ወጣትና እናቱ በዚያ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ከእርሱ በቀር የሚያስብላቸው የለም። «ግብርህን ክፈል፣ ለልጅ አትሽጥ፣ ጉዳቱን አትደብቅ» የሚል ምክር ንግዱን ይገራዋል። የሕጉን ቀዳዳ እያሳየ ደንበኛውን የሚያሾልክ ምክር ግን ጉዳቱን የሕግ ልብስ ያለብሰዋል። ሁለቱም ከአንቀጽ ጋር ላይጋጩ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ሕሊና ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የአማካሪነቱ መስክ እየሰፋ መሄዱ አይቀርም። ያን ጊዜ የጥንቱን ቃል በጥሞና ማድመጥ ይገባል። አባባሉ «በሕግ» ብቻ ብሎ አላቆመም፤ «በሕግ አምላክ» አለ እንጂ። ሕግም በበላዩ የሚጠይቀው እንዳለ አባቶች ያውቁ ነበር። «ሕግ ፈቅዶልኛል» የሚል ጠበቃ የመለሰው የጥያቄውን ግማሽ ነው።