አሳላፊዎቹ በልተዋል ወይ?

የሠርግ ወሬ ሲነሣ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ሚዜዎቹና ስለ ጥሬ ሥጋው እንጂ ስለ ሒሳቡ ማውራት ነውር ይመስለናል። እኔ ግን ዛሬ አንባቢን የማስቸግረው ስለ አንዲት የሒሳብ መስመር ነው። ከዚህች መስመር በስተጀርባ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ለሰው የሚገባውን ከፈልን የምንለው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ስታገባ ድግሱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሆነ። «የተማረ ነውና ያንብብልን» ተብዬ ከአጎቴ ጋር ለውሉ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ የምግቡ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ተጽፏል፤ ከሥሩ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ከዚያም ሥር 15 በመቶ ቫት። አጎቴ ሁለቱን ደምሮ «25 በመቶ ነው» አለ። አይደለም። ቫቱ የታሰበው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ነው። ለምሳሌ 300 እንግዳ በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ቢታሰብ 300,000 ብር ይመጣል። 30,000 ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት 330,000 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 49,500 ቫት ሲደመር 379,500 ብር። 25 የመሰለን 26 ተኩል ሆነ ማለት ነው።

አጎቴ ስለ ቫቱ ምንም አላለም፤ የመንግሥት መሆኑን ያውቃል። «ይቺ አሥር በመቶ ግን የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። «የአስተናጋጆቹ ናት፣ ጋሼ» አለው ሰውየው። አጎቴ ፈረመ።

የሠርጉ ዕለት ማታ፣ እንግዳው መሳሳት ሲጀምር፣ እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ በእኛ በኩል ስታስተናግድ ለዋለችው ልጅ ልትሰጣት ስትል እጇን ያዝኩ። «እማዬ ተይው፤ ከሒሳቡ ላይ ተከፍሏቸዋል» አልኳት። እሷም የተማረ ልጇን አምና ብሩን መልሳ ቋጠረች። ግን አንድ ጥያቄ አስከተለች፤ «በልተዋል ወይ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ሄጄ ልጅቷን ጠየቅኋት። ከጧት ጀምሮ ቆማ መዋሏን፣ ምንም አለመቅመሷን፣ እሷና አብረዋት የመጡት ለዚያ ቀን ብቻ የተቀጠሩ መሆናቸውን ነገረችኝ። «ሰርቪሱ የቋሚዎቹ ነው፤ እኛ የቀን ነን» አለች፤ ሳታማርር፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደምትነግረኝ ያህል። እናቴ ቋጠሮዋን እንደገና ፈታች። እኔ ግን አፍሬ ቀረሁ።

በማግሥቱ ነገሩን ለአጎቴ ባጫውተው እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ከፍያለሁ። ሰውየው ካላካፈለ ኃጢአቱ የራሱ ነው። ሥጋ ስገዛ ባለ ሉካንዳው ለሠራተኛው ደመወዝ መክፈሉን እጠይቃለሁ እንዴ?» ይህ ክርክር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እያንዳንዱ ገዥ የሻጩን ጓዳ ካልፈተሸ ሕሊናው አያርፍም ካልን ማንም ዳቦ መግዛት አይችልም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ይህ ገንዘብ ምንድን ነው? ደመወዝ ነው እንዳንል በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። ስለዚህ በደመወዝ ልክ የሚሰላ ነገር፣ ለምሳሌ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ሲታሰብ ይህ ገንዘብ አይገባበትም። ስጦታ ነው እንዳንል ደግሞ ስጦታ በመቶኛ ተሰልቶ በግድ አይጠየቅም። ቋንቋችን ለአስተናጋጅ በእጅ የሚሰጠውን ገንዘብ ጉርሻ ይለዋል። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ የጎራሹን ፊት ሳያዩ ማጉረስ አይቻልም። በሰርቪስ ቻርጅ ግን ከፋዩ ተቀባዩን አያየውም፤ ተቀባዩም የማን እጅ እንዳጎረሰው አያውቅም።

«እንግዲያው ወደ ድንኳናችን እንመለስ!» የሚል ጓደኛ አለኝ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስቱም ግዴታዎች መሆናቸውን አስረድቷል። የሰፈራችን ድግስም በዚሁ ሕግ የቆመ ነው። ድንኳኑና ሳህኑ የዕድር ነው፤ አሳላፊው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ነገ የሱ እህት ስታገባ እኔ እንጀራ ተሸክሜ አሳልፋለሁ። ብድር በምድር ይሉታል አባቶች። ደስ ይላል! ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሽንኩርት ሲልጡና ወጥ ሲያማስሉ ያደሩት ሴቶች፣ ደሃ ዘመድ ተብላ ከጓዳ ሳትወጣ ድግሱ ያለቀባት ልጅ፣ ብድራቸው ሁልጊዜ ተመልሶላቸው ነበርን? ለስንቱ ሰው «ዝምድና» ያልተከፈለ ጉልበት ስም ነበር። ስለዚህ የአሳላፊው ላብ ዋጋ ወጥቶለት በወረቀት ላይ መስፈሩን አልጠላም። እንዲያውም የሚገባው ይመስለኛል። የምጠላው ስሙ ተጽፎ ገንዘቡ ሳይደርሰው ሲቀር ነው።

ለአጎቴም መልሴ እዚህ ላይ ነው። ባለ ሉካንዳው ሥጋ ሲሸጥ ገንዘቡን የሚጠይቀው በሥጋው ስም ነው፤ በሠራተኛው ስም አይደለም። ሰውየው ግን አጎቴን «የአስተናጋጆቹ ናት» ብሎታል። በሌላ ሰው ስም የተሰጠ ገንዘብ በአገራችን አንድ ስም ብቻ አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ የበላ መወቀሱ የታወቀ ነው። ግን ለእናቱ መድኃኒት በሰው እጅ የላከ ልጅ «ልኬያለሁ» ብሎ ይተኛል ወይስ «ደረሰሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል? የላኪ ግዴታ በመላክ ብቻ አያልቅም። አጎቴ የሆቴሉን ጓዳ የመፈተሽ ግዴታ የለበትም እንበል፤ ስለራሱ አደራ የመጠየቅ ግዴታ ግን አለበት። እኔ ደግሞ የባሰ አጥፍቻለሁ፤ ራሴ ሳልጠይቅ የምትሰጠውን የእናቴን እጅ ያዝኩ። «ተከፍሏል» የምትለው ቃል ከመጠየቅ አሳርፋኛለችና ወደድኳት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድግስ በአዳራሽ ይቅር አልልም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ አሥር በመቶው ለእነማን ይከፋፈላል? ለዕለቱ የሚቀጠሩት ድርሻ አላቸው ወይ? አሳላፊዎቹ የሚበሉት መቼና ምን ነው? መልሱ ካላጠገበ የቀን ሠራተኞቹ ድርሻ በውሉ ላይ ይጻፍ ይባል፤ እንቢ ካሉም ጉርሻው በእጅ ይሰጥ። 300 ሰው ለሚያበላ ቤተሰብ የ20 አሳላፊ ራት ዕዳ አይሆንበትም። በእናቴ ዘመን አሳላፊ መጨረሻ ላይ ነበር የሚበላው፤ ግን ሳይበላ አይሸኝም ነበር።

አጎቴ በመጪው ጥር ልጁን ይድራል። ውሉን እንዳነብለት አሁንም እኔኑ ጠርቶኛል። አነብለታለሁ፤ አንብቤ ስጨርስ ግን እስክሪብቶውን ከማቀበሌ በፊት የእናቴን ጥያቄ እጠይቃለሁ።