የወይፈን ጥርስ

በጎጃም ደጋ አንድ አራሽ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወይፈን በመግራት አገር ያወቃቸው። ማንም ወይፈን ጎትቶ ሲመጣ አስቀድመው ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ። የጥጃ ጥርሱን ካልጣለ፣ ቁመናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ «መልሰው፤ ሣሩን ይብላ» ይላሉ። ያለ ጊዜው የተጠመደ ወይፈን ጫንቃው እንደሚሰበር ያውቃሉ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የልጅ ልጃቸው ገበያ ወርዶ ከእህል ነጋዴ መሳቢያ ሁለት መቶ ብር ሲያነሳ ተያዘ። ልጁ መለሎ ነው። ጣቢያ ላይ ዕድሜው ተጠየቀ፤ አያውቀውም። «አሥራ ስምንት ይሆንሃል?» ሲሉት ከፍርሃቱ ብዛት ራሱን ነቀነቀ። መዝገቡ ላይ 18 ተጻፈ፤ ሦስት ሌሊት ከጎልማሶች መሐል አደረ። የፈራ ልጅ ራሱን ስለነቀነቀ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ደረሱ።

«ልጄ» አሉት ፖሊሱን፤ «ጥርሱን አይተኸዋል?»

«የምን ጥርስ፣ አባባ?»

«እኔ ወይፈን እንኳ ሳላይ አልጠምድም። ይህ ልጅ የተወለደው የአባይ ግድብ መሠረት የተጣለ ሰሞን ነው። ወሬውን በራዲዮ የሰማነው እናቱ አራስ ሳለች ነው።»

ፖሊሱ በጣቱ ቆጠረ። መጋቢት 2003። አሥራ አንድ ዓመት ካለፈው ገና ስምንት ወር ቢሆነው ነው። አቀረቀረ፤ ከዚያ ልጁን ይዞ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄደ። በመጀመሪያው ቀን መሄድ የነበረበት እዚያ ነበር፤ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወዲያውኑ ይቅረብ ይላል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ከአዋቂ ጋር ማሰርን ይከለክላል።

ዳኛዋ ችሎት አልተሰየሙም። በቢሯቸው ወንበር ሰጡት።

«በብሩ ምን ልታደርግበት ነበር?»

«ጫማ።»

እግሩን አዩ። ገሠጹት፣ ብሩ ለነጋዴው እንዲመለስ አዘዙ፣ ልጁን ለአያቱ አስረከቡ።

ሽማግሌው የልጁን ጋቢ ሊወስዱ ወደ ጣቢያው ተመለሱ። ከፍርግርጉ ጀርባ ማንም ያልመጣለት ሌላ ልጅ ቆሟል። ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ሽማግሌውን ሲያይ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ገለጠ።

«አባባ፣ የኔንም ይዩልኝ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ ፖሊሱን፤ «መዝገቡን አምጣው።»