ወፍ ማሳደግ ለተመኛችሁ

ልጆቼ፣ የቤት ኪራይና የታክሲ ከፍላችሁ የሚተርፋችሁ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ቤታችሁ ውስጥ ወፍ እንዲኖር የምትመኙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰው «ይሄ የሀብታም ነገር ነው» እያለ ያሳፍራችኋል። አትፈሩ። ከሥራ ደክሞ ወደ አንዲት ክፍል የሚመለስ ሰው፣ እስትንፋስ ያለው ነገር እንዲቀበለው መፈለጉ ተፈጥሮው ነው። እኔም ምኞታችሁን አክብሬ ነው የምመክራችሁ።

ገንዘቡን እናስቀድም። ከወጪው ሁሉ ትንሹ የወፏ ዋጋ ነው። መንገድ ዳር የምትሸጥባት ጠባብ የሽቦ ሳጥን ማጓጓዣ እንጂ መኖሪያ አይደለችም፤ ክንፏን ዘርግታ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው የምትበርበት ሰፊ ቤት ያስፈልጋታል። የበቀቀን ዘመዶች ደግሞ በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ አንዷን ብቻዋን ማስቀመጥ ማሰቃየት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ትገዛላችሁ። ዕድሜውንም አስቡት። ከአውስትራሊያ የመጣችው ትንሿ በቀቀን ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ግን 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል፤ በ23 ዓመቱ የወሰደው ልጅ ጡረታ እስኪወጣ አብሮት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጭሱ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ወጥ ይሠራል። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ ይለያል። አየር ሳንባዋን በአንድ አቅጣጫ ያቋርጣል፤ ከሳንባዋ ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶችም አሏት። እንዲያ ስለተሠራች ከአየሩ ኦክስጅንን ከእኛ አብልጣ ትስባለች፤ መርዝ ካለም እንዲሁ ትስባለች። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሲኖር ከሰው ቀድማ ትወድቃለች። ልማዱ እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ቆይቷል። ያው ጋዝ ከእኛው የከሰል ምድጃም ይወጣል። የማይጣበቅ የሚባለው መጥበሻም ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። አቮካዶም መርዟ ነው፤ ከጁሳችሁ ታቀምሷት ይሆናል ብዬ ነው የምናገረው። ማብሰያችሁና መኝታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ወፍ አታስገቡ። በዚህ ላይ ምንም ማለሳለሻ የለኝም።

አሁን ደግሞ በርካሽ ስለምትቀርበው ወፍ ልንገራችሁ። «ከጫካ የተያዘች ናት፣ ቀንሼ እሰጥሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እለፉት። የእንጦጦ ጽድ ላይ ፍሬ ስትለቅም የምትታይ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፣ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት፣ ሲበሩ ከክንፋቸው ሥር ጥቁር ይታያል። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሟም አጋፖርኒስ ታራንታ ሲሆን፣ ታራንታ በኤርትራ ያለው የተራራ መተላለፊያ ነው። ሌሊቱን ጥቂት ሆነው በዛፍ ቀዳዳ ተጠጋግተው ያድራሉ። ከዚያ ቀዳዳ አንዷን ማውጣት የቀሩትንም ቤት መበተን ነው። ሕጉም ይከለክላል። የዱር እንስሳት አዋጁ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን አይፈቅድም፤ ሳይተስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገራችን እ.ኤ.አ. በ1989 ተቀብላለች። የዱር ወፍ ስትያዝ በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። በርካሽ ገዝታችሁ በሳምንቱ ከምትቀብሯት ባትጀምሩት ይሻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ውጡ! በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩልም ሆነ በሽሮ ሜዳ፣ ጠዋት በማለዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ሲመረቅ ብዙ ሰው የወደደው ዚፕላይኑንና ፈረሱን ነው፤ ደግ ነው፣ ተጫወቱ። ዛፍ ሥር ቆሞ ማዳመጥ ግን ሒሳብ አይጠየቅበትም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ብዙ ወፍ አትጠብቁ። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ከአውስትራሊያ መጥቶ ተራራውን የሸፈነ ዛፍ ነው፤ ለማገዶ ጠቅሞናል፣ ለአገሬው ወፍ ግን የሚበላ ፍሬ አያፈራም። ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ያለበትን ፈልጉና ዝም ብላችሁ ቁሙ።

እዚያ መጀመሪያ የምትሰሙት ረጅም ምንቃር ያለው፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ይሆናል። ከገደል ተነስቶ እየጮኸ ወደ ከተማው ሜዳ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ስሙን ባያውቅ ድምፁን ያውቀዋል። ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራም ታያላችሁ፤ በዓለም ካሉት ቁራዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። እኔ ከሁሉም የምወዳት ግራጫ መልክ ያላት፣ ከጅራቷ ሥር ዳማ ቀለም የሚታይባት ወፍ ናት። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም፤ ዜማዋን ያህል የሚያምር የወፍ ድምፅ በአፍሪካ ጥቂት ነው። ለመልኳ ብቻ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ትዘምራለችና ታገሷት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ እንግዶች ይጨመራሉ። ስማቸውን ለማወቅ መርሊን የሚባል ነፃ የስልክ አፕሊኬሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርንም ጠይቁ፤ እዚያ ወፍ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ታገኛላችሁ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ብትጎበኙ ደግሞ ሩቅ ሆና ያመለጠቻችሁን ወፍ ከቅርብ ታዩዋታላችሁ።

ይህን ሁሉ አይታችሁም «የራሴ የሆነች፣ በእጄ የማበላት» የምትሉ ከሆነና የምትኖሩበት ግቢ ትንሽም ቢሆን ክፍት ቦታ ካለው፣ እርግብ እመክራችኋለሁ። ከሰው ጋር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖረ ወፍ ነው፤ ከጫካ የተዘረፈ አይደለም። አሮጌ ጣውላና ቆርቆሮ ተለቃቅሞ ቤቱ ይሠራል፤ ድመትና ሸለመጥማጥ እንዳይደርሱበት ከፍ ብሎ ይሰቀል። አንድ እርግብ በቀን 30 ግራም ያህል እህል ይበቃዋል፤ ለጥንዱ በወር ወደ 2 ኪሎ ማሽላ፣ ገብስና ስንዴ ነው። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ደቃቅ ጠጠር ጨምሩላቸው፤ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ኑግ በቁንጥጫ ትሰጧቸዋላችሁ፤ ዘይቱ ብዙ ነው። ኑጋችን አሜሪካ ድረስ ተልኮ ለወፍ መመገቢያ እንደሚሸጥ ስታውቁ ደስ ይላችኋል።

አዲስ ያመጣችሁትን ጥንድ ለጥቂት ሳምንታት ዘግታችሁ ቤቱን አለማምዱ፤ ቶሎ ከለቀቃችሁት የቁራ መልክተኛ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እንቁላል ሲጥሉ ወንዱ ቀን፣ ሴቷ ሌሊት እየተፈራረቁ 18 ቀን ያህል ሲታቀፉ ታያላችሁ፤ ሁለቱም ጉሮሯቸው ውስጥ ከሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ጫጩቶቹን ያጎርሳሉ። አባት ወተት ሲያጠባ ማየት የፈለገ እዚህ ያገኘዋል። ኩሱን ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። ዶሮ የሚያረባ ጎረቤት ካላችሁ ስለ ፈንግል ክትባት ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። አከራያችሁንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ጣሪያው የእሳቸው ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል አገር ቤት ወርዳችሁ ሳምንት ብትቆዩ ውሃ የሚቀይርላቸው፣ እህል የሚበትንላቸው ማነው? የአንድ ሰው ስም ወዲያው ከመጣላችሁ ጣውላውን መልቀም ጀምሩ። ካልመጣላችሁ ዘንድሮ እንጦጦ እየወጣችሁ ቆዩ፤ በዚህ መሃል የጎረቤታችሁን በር አንኳኩታችሁ ተዋወቁ።